ሮበርት ሞግ፤ ለኤሌክትሪክ ድምፅ ነፍስ የዘራ መሐንዲስ

ነገሩ የሆነው በ1989 ዓ.ም. ጥር ወር፣ በሠርግ ሰሞን ነው። ያኔ ቀን ቀን የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በተውሶ ባገኘሁት ኪቦርድ ሠርግ ቤት እየዞርኩ እጫወታለሁ። በዚያ ዘመን ብዙው ሰው ኪቦርዱን የሚጠራው ኦርጋን ብሎ ነበር። ከእኔ ጋር ሳክስፎን የሚነፉ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። በወጣትነታቸው በወታደር ኦርኬስትራ ውስጥ የሠለጠኑ፣ በኋላም በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች ለረጅም ዓመታት የተጫወቱ ሰው ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ደጋሾቹ ገንዘብ አጠረንና ከባንዱ ሰው ይቀነስልን አሉ። ድምፃዊውን መቀነስ አይቻልም። ከበሮው ቀድሞውኑ በማሽን ተተክቷል። ኪቦርዱ ውስጥ ደግሞ የሳክስፎን ድምፅ አለ፤ አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ስለዚህ ጋሼ ቀሩ። እኔም ምንም ሳልቃወም ቁልፏን ተጫንኩ። የእሳቸውን ክፍያም እኩሌታ ጨምሬ ተቀበልኩ። ሙሽሮቹ ደስ አላቸው፤ እድምተኛውም ጨፈረ፤ ሳክስፎን ነፊ መጉደሉን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሼን በሌላ ሠርግ ላይ አገኘኋቸው። የመጡት ግን ለሥራ ሳይሆን ተጠርተው ነው። እስክንጨርስ ከጥግ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆዩና ወደ መድረኩ መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተቆጡም። ያወጣሁት የሳክስፎን ድምፅ አጥቦ ገንዘው ያስተኙትን ሰው እንደሚመስል ነገሩኝ። መልኩ የሰው ነው፣ ልብሱም ንጹሕ ነው፣ አይተነፍስም እንጂ። ከዚያ በኪቦርዱ ግራ በኩል ያሉትን ሁለት ትንንሽ መንኮራኩሮች በጣታቸው እያሳዩ ለምን እንደሚያገለግሉ ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር። ለዓመታት ስጫወት አንድም ቀን ነክቻቸው አላውቅም።

ያ ጥያቄ ነው ከሮበርት ሞግ ጋር ያስተዋወቀኝ። ለእነዚያ ሁለት መንኮራኩሮች መልስ ስፈልግ የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ አገኘሁ። ሰውየው ካረፈ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ የምንሰማው የትኛውም ዘፈን ውስጥ ግን የእጁ አሻራ አይጠፋም።

የአባት ጓዳና የእናት ፒያኖ

ሮበርት አርተር ሞግ የተወለደው እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 1934 ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ነው። ያደገውም እዚያው ኩዊንስ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ ፍለሺንግ ሠፈር ነው። ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጽሕፈቱ አሳስቷቸው ብዙ ጊዜ ሙግ ይሉታል። ትክክለኛው አጠራር ግን ሞግ ነው። የእኛ ፊደል ከዚህ ስሕተት አድኖናል።

አባቱ ጆርጅ የከተማው የኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ መሐንዲስ ነበሩ። ቤታቸው ውስጥ የእንጨትና የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠሩበት ጓዳ ነበራቸው። እናቱ ሸርሊ ደግሞ ልጃቸው ፒያኒስት እንዲሆንላቸው አጥብቀው ይመኙ ነበር፤ ገና በሕፃንነቱም ትምህርት አስጀመሩት። ልጁ ዓመታትን በፒያኖው ፊት አሳለፈ። ልቡ ግን ከአባቱ ጓዳ አልወጣም። ብየዳውና ሽቦው ይበልጥበት ነበር። ኋላ እንደታየው ሁለቱም ወላጆች ድርሻቸውን አግኝተዋል። እናትየው የፈለጉት ሙዚቀኛ አልወጣውም። አባትየው ጓዳ ውስጥ ያደገው መሐንዲስ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሙዚቀኞችን አገለገለ።

የ14 ዓመት ልጅ ሳለ ከአንድ መጽሔት ባገኘው ንድፍ ቴርሚን ሠራ። ቴርሚን ሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ ሌዎን ቴርሚን የሠራውና በፈጣሪው ስም የተጠራ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ከሌሎቹ የሚለየው በእጅ ሳይነካ መጫወቱ ነው። አንድ ሣጥን ሁለት አንቴና ተተክሎበታል። ተጫዋቹ አንዱን እጁን ወደ ቋሚው አንቴና ሲያቀርብ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲያርቅ ይወፍራል። ሌላኛው እጅ ድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል ያደርጋል።

የቴርሚን ጥሬ ድምፅ ብቻውን ሲሰማ ከአምቡላንስ ጩኸት አይሻልም። ጎበዝ ተጫዋች እጁን በአየር ላይ በስሱ ሲያርገበግበው ግን ያ ጩኸት በድንገት የሴት ድምፅ ወይም ቫዮሊን ይሆናል። መሣሪያው ያው ነው፤ የተጨመረው የእጅ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ወጣቱ ሞግ ይህን ገና በጠዋቱ አየ። የኤሌክትሪክ ድምፅ ነፍስ የሚዘራው አንድ ነገር ሳያቋርጥ ሲያንቀሳቅሰው ነው።

ሞግ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ከአባቱ ጋር ሆኖ ቴርሚን እየሠራ መሸጥ ጀመረ። በኩዊንስ ኮሌጅ ፊዚክስ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማረ። ከዚያም ለዶክትሬት ዲግሪው ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በዚያ ጊዜ አግብቶ ነበርና ቤተሰቡን የሚደጉመው በዚሁ በቴርሚን ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በትራንዚስተር የሚሠራ ቴርሚን ንድፍ መጽሔት ላይ አወጣ። ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን ዕቃም እያሸገ በፖስታ መላክ ያዘ። ከሦስት ክፍል አፓርታማው 1,000 ያህል ሸጧል። የዶክትሬት ትምህርቱን የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር፤ ያን ያህል የዘገየውም በዚሁ የጓዳ ንግድ ምክንያት ነው።

የበር ደወሉ ቁልፍ

እ.ኤ.አ. በ1963 መጨረሻ ሞግ ቴርሚኑን ይዞ ሮቸስተር ከተማ ወደተደረገ የሙዚቃ መምህራን ጉባኤ ሄደ። እዚያም ኸርበርት ዶይች ከተባለ የሙዚቃ መምህርና ደራሲ ጋር ተገናኘ። ዶይች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ይሞክር ነበር። በዚያን ጊዜ ይህ ሥራ ማለት ማግኔት ቴፕ በምላጭ እየቆረጡ መቀጣጠል ነው። የጥቂት ደቂቃ ሙዚቃ ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃል። በቀጣዩ ዓመት በጋ ዶይች ትሩማንስበርግ ወደምትባለው ትንሽ ከተማ፣ ወደ ሞግ ወርክሾፕ መጣ። ሁለቱ ሰዎች አንዱ ያማረውን እየተናገረ፣ ሌላው እየበየደ አብረው መሥራት ጀመሩ።

የሞግ ዋነኛ ሐሳብ በጣም ቀላል ነው። ድምፅ የሚያወጣው ሰርኪዩት ኦሲሌተር ይባላል። ቀደም ሲል የኦሲሌተርን ድምፅ ለመቀየር ሰው በእጁ እጀታ ማዞር ነበረበት። ሞግ ይህን በቮልቴጅ እንዲታዘዝ አደረገው። አንድ ቮልት ሲጨመር ድምፁ አንድ ኦክቴቭ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ቮልት ሲቀነስ አንድ ኦክቴቭ ይወርዳል። ኪቦርዱም ቢሆን ቮልቴጅ ከመላክ የተለየ ሥራ የለውም።

ቁም ነገሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ኦሲሌተሩ ቮልቴጁ ከማን እንደመጣ አያውቅም። ከኪቦርድ ቢመጣ ይታዘዛል፤ ከሌላ ኦሲሌተር ቢመጣም ይታዘዛል። ስለዚህ አንዱ ማሽን የሌላውን ማሽን እጀታ ያለ ሰው እጅ ማወዛወዝ ይችላል። ባለሙያዎቹ ሞጁሌሽን የሚሉት ይህንን ነው። እኔም ትምህርት ቤት ስለ ሬዲዮ ሞገድ ስማር ቃሉን ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ ከሙዚቃ ጋር የሚያገናኘው ነገር መኖሩን ግን ማንም አልነገረኝም።

በምሳሌ ላስረዳ። በጣም ቀርፋፋ የሆነ፣ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ብቻ የሚወዛወዝ ኦሲሌተር አለ እንበል። ጆሯችን ከሃያ በታች ያለውን ውዝዋዜ እንደ ድምፅ ስለማይሰማ ይህ ኦሲሌተር ለብቻው ዲዳ ነው። ከሌላው ኦሲሌተር ጋር ስናገናኘው ግን ያኛው ድምፅ ወደ ላይና ወደ ታች በስሱ ይርገበገባል። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ጭራው ላይ አሳርፎ ሲያንቀጠቅጠው የምንሰማው ዓይነት ነው። ያንኑ ቀርፋፋ ኦሲሌተር ድምፁን ከፍና ዝቅ ከሚያደርገው ክፍል ጋር ብናገናኘው ደግሞ ሌላ መልክ ይወጣል፤ ድምፁ ሻማ በነፋስ ፊት እንደሚሆነው ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ከፊልተሩ ጋር ብናገናኘውስ? ፊልተር የድምፁን ቀጫጭን ክፍሎች የሚያስቀርና የሚያሳልፍ ወንፊት ነው። ሲከፈትና ሲዘጋ ሰው አፉን እየከፈተና እየዘጋ የሚያዜም ይመስላል።

ሦስት ግንኙነት፣ ሦስት የተለያየ ሕይወት። ዲዳው ኦሲሌተር ግን አንድ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የዶይች ነው። የዶይች ጭንቀት የመሣሪያው ድምፅ እንደ መብራት በርቶ እንደ መብራት የሚጠፋ መሆኑ ነበር። ክራር ሲመታ ድምፁ በአንድ ጊዜ ይፈነዳና ቀስ እያለ ይሞታል። ዋሽንት ግን በትንፋሽ ቀስ ብሎ ይነሳል። እያንዳንዱ ድምፅ መወለጃና መሞቻ አለው። ሞግ ይህን ሲሰማ ዶይችን ከሱቅ የበር ደወል ቁልፍ ገዝቶ እንዲመጣ ላከው። ቁልፏን ተጠቅሞም ሲጫኗት ቮልቴጁ የሚወጣበት፣ ሲለቋት ቀስ ብሎ የሚወርድበት ሰርኪዩት ሠራ። ይህ ኤንቨሎፕ የሚባለው ነው። ኋላ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ቭላዲሚር ኡሳቼቭስኪ ባቀረበው ዝርዝር መሠረት በአራት ደረጃ ተከፈለ። እነሱም መነሳት፣ መለስ ማለት፣ መቆየትና መጥፋት ናቸው። ዛሬ በስልካችን ላይ በምንጭነው የሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ እንኳ እነዚህን አራቱን እናገኛቸዋለን።

ሞግ ሥራውን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1964 ኒውዮርክ በተደረገው የድምፅ መሐንዲሶች ጉባኤ ላይ አቀረበ። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ላይ የደረሰው እሱ ብቻ አልነበረም። በካናዳ ሂዩ ለ ኬይን ከ1940ዎቹ ጀምሮ በቮልቴጅ የሚታዘዝ መሣሪያ ሠርቷል። በካሊፎርኒያም ዶን ቡክላ በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ሥራ ላይ ነበር። የቡክላ መሣሪያ የፒያኖ ዓይነት ኪቦርድ አልነበረውም፤ አዲስ ድምፅ አሮጌ መጫወቻ አይገባውም ባይ ነበርና። የሞግ ግን ነበረው። ሙዚቀኛው እጁ የለመደውን እንዲያገኝ ማድረጉ ኋላ ለስሙ መግነን ትልቅ ምክንያት ሆነ።

የእንጀራ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ1968 ዌንዲ ካርሎስ የባክን ሙዚቃ በሞግ ሲንተሳይዘር ብቻ ተጫውታ ሸክላ አወጣች። መሣሪያው በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስለነበር እያንዳንዱን ዜማ ለብቻው እየቀዳች፣ በቴፕ ላይ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበች ነው የሠራችው። ኦሲሌተሮቹም ሙቀት ሲቀያየር ከቅኝት ስለሚወጡ በየጊዜው መቃኘት ነበረባት። ካርሎስ ከሞግ ጋር ስትሠራ አንድ ነገር አጥብቃ ትጠይቅ ነበር። የጣቷን ክብደት የሚያውቅ ኪቦርድ እንዲሠራላት ፈለገች፤ ሠራላትም። ሸክላው ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ ሦስት የግራሚ ሽልማትም አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ቢትልሶች አቢ ሮድ በተሰኘው አልበማቸው ላይ ሲንተሳይዘሩን ተጠቀሙበት።

ዝናው ግን ጠላትም አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1969 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር ሲንተሳይዘሩ የአባላቱን እንጀራ ይወስዳል ብሎ ሰጋ። ለማስታወቂያ በሚቀዳ ሙዚቃ ላይም እገዳ እንዲጣልበት አደረገ። እገዳው ብዙ አልቆየም፤ መሣሪያው ሙዚቀኛ እንደሚያስፈልገው፣ ይህም ሌላ ሙያ እንደሆነ እየታወቀ ሄደ።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ጋሼ ትዝ ይሉኛል። እሳቸው የሚከራከርላቸው ማኅበር አልነበራቸውም። በአዲስ አበባ የትልልቆቹ ባንዶች መበተን የጀመረው ከኪቦርድ በፊት ነው። በደርግ ዘመን የነበረው የሰዓት እላፊ የምሽቱን ሥራ ገድሎታል። የካሴት ገበያ ሲደራ ደግሞ አሳታሚው በርካሽ የሚያልቅ ሥራ ፈለገ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የናስ ነፊዎቹ ቦታ ቀስ በቀስ በአንድ ኪቦርድና በአንድ የከበሮ ማሽን ተያዘ። ያን ዘመን የሚወቅሱ ሰዎች ጥፋቱን በሲንተሳይዘሩ ላይ ይጥላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ስለማልስማማ ግን ነፃ አልወጣም። የጋሼን ቦታ የወሰደው ማሽኑ አይደለም። ቁልፏን የተጫንኩት እኔ ነኝ፤ ክፍያውንም የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

ማሽኑ በሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ሆኖ አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ የሞግ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዞ የድሮ ዜማዎችን ቀድቷል። አንድ ሰው ብቻ የሠራው ነው። ነገር ግን ሲንተሳይዘሩ እንደ ዘፋኝ ይተነፍሳል እንጂ እንደ ማሽን አይደርቅም። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራው እንደገና ሲታተም በመላው ዓለም አዲስ አድማጭ ያገኘው በከንቱ አይደለም።

ሁለቱ መንኮራኩሮች

የሞግ የመጀመሪያዎቹ ሲንተሳይዘሮች እንደ ቁም ሣጥን የገዘፉ፣ በሽቦ የተተበተቡ ነበሩ። ወደ መድረክ ይዞ መውጣት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የኩባንያው መሐንዲስ ቢል ሄምሳት ከተራረፈ ዕቃ ትንሽ ሞዴል ገጣጠመ። ከዚያ የተወለደው ሚኒሞግ እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ ወጣ። ሦስት ኦሲሌተርና 44 ቁልፎች ያሉት፣ አንድ ሰው ተሸክሞት የሚሄድ ዕቃ ነው። ሽቦ መሰካት ቀረ፤ ግንኙነቱ ሁሉ ከውስጥ ተሠርቶ አለቀ። ሦስተኛው ኦሲሌተር ሲፈለግ ድምፅ ያወጣል፤ ሲፈለግ ደግሞ ቀርፋፋ ሆኖ ሌሎቹን ያወዛውዛል።

ከኪቦርዱ በስተግራ ሁለት መንኮራኩሮች ተተከሉ። የመጀመሪያው ድምፁን እንደ ማሲንቆ ጭራ ወደ ላይና ወደ ታች ያጎብጠዋል። ሁለተኛው ሞጁሌሽኑን ይቆጣጠራል። ወደ ታች ሲሆን ድምፁ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ወደ ላይ ሲገፋ መርገብገብ ይጀምራል። ምን ያህል ይርገብገብ፣ መቼ ይጀምር፣ መቼስ ይቁም የሚለውን የሚወስነው ማሽኑ ሳይሆን የተጫዋቹ ግራ እጅ ነው። የቴርሚን ተጫዋች በአየር ላይ ያርገበግበው የነበረው እጅ በዚህ መልክ ተመለሰ። ኩባንያው ለመጀመሪያው መንኮራኩር ፓተንት ሳያወጣ ቀረ። ስለዚህ ሌሎች አምራቾች ወሰዱት። በመጨረሻም እኔ በተውሶ ባገኘሁት ኪቦርድ ላይ ደረሰ፤ እኔም ሳልነካው ዓመታት አለፉ።

የሞግን ስም ያስከበረው ሌላው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1969 ፓተንት ያገኘበት ፊልተር ነው። ትራንዚስተሮቹ እንደ መሰላል እየተደራረቡ ስለተሠሩ የመሰላል ፊልተር ይባላል። ድምፁን ወፍራምና ሞቅ ያለ የሚያደርገው እሱ ነው ይላሉ ሙዚቀኞች። ሁለት ኦሲሌተሮች አንድ ላይ ሲጮኹ ደግሞ ፈጽሞ አይገጥሙም፤ በጥቂቱ ይለያያሉ። መሐንዲስ እንደ ጉድለት የሚቆጥረው ይህ አለመግጠም ለጆሮ ሕይወት ነው። በገና ላይ እንዚራ የምትባለው ቁራጭ ቆዳ ጅማቱን እየነካች የምታሰማውን እንዝርዝርታ የምታስቡ አንባቢያን ነገሩ ይገባችኋል። ያ እንዝርዝርታ ቢወገድ በገና በገናነቱ ይቀራል።

ስሙን የተቀማ ሰው

እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው ሀብታም ሆኖ ሞተ ብለን ብንገምት እንሳሳታለን። ሞግ ጎበዝ መሐንዲስ፣ ደካማ ነጋዴ ነበር። ከመጀመሪያው የሞቅታ ጊዜ በኋላ የትልልቆቹ ሲንተሳይዘሮች ገዢ ጠፋ፤ ዕዳው ተቆለለ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኩባንያው ቢል ዌይቴና ለተባለ ነጋዴ ተላለፈና ከትሩማንስበርግ ወደ በፋሎ አካባቢ ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ኖርሊን የተባለ ትልቅ ኩባንያ ገዛው። ሞግ በራሱ ስም በሚጠራ ድርጅት ውስጥ ተቀጣሪ ሆነ። ሚኒሞግ ምርቱ እስከቆመበት እስከ 1981 ድረስ 12,000 ገደማ ተመረተ፤ ሰውየው ግን በምርቱ ላይ የነበረው ሥልጣን እየተመናመነ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1977 ለቆ ወጣ። ሲወጣ ስሙን ትቶ ነው የወጣው። ከዚያ በኋላ በሚሠራው መሣሪያ ላይ ሞግ ብሎ መጻፍ አልቻለም።

ወደ ሰሜን ካሮላይና ተራሮች ሄዶ፣ በአሽቪል አቅራቢያ ቤት ሠርቶ፣ ቢግ ብራየር የሚል ስም ያለው ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተ። እዚያም ተመልሶ ወደ መጀመሪያ ፍቅሩ ገባ፤ ቴርሚን ይሠራ ነበር። በዚህ መሐል ዓለም ተለወጠ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻውኒንግ የተባለ ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1967 በኮምፒዩተር ላይ ድምፅን በማርገብገብ ሲሞክር አንድ ነገር አስተውሏል። ውዝዋዜው በሰከንድ ስድስት ሲሆን ድምፅ ይርገበገባል። መቶዎች ሲሆን ግን መርገብገቡ አይሰማም፤ በምትኩ አዲስ ድምፅ ይወለዳል፤ ደወል ይሆናል፣ ናስ ይሆናል። ይህም ያው ሞጁሌሽን ነው፤ ፍጥነቱ ጨመረ እንጂ። ያማሃ ይህን ሐሳብ ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲኤክስ 7 የተባለውን ዲጂታል ሲንተሳይዘር አወጣ። የሞግ ዓይነት መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ያረጁ ያፈጁ ተባሉ። የሞግን ስም የያዘው ኩባንያም በ1980ዎቹ አጋማሽ ተዘጋ።

አዲሱ ዘመን ብዙ ነገር አቀለለ። ድምፆቹ ተዘጋጅተው፣ ተቆጥረውና ስም ወጥቶላቸው ይመጣሉ። ሳክስፎን አለ፣ ዋሽንት አለ። ይህ ምቾት ግን ዋጋ አለው። ሙዚቀኛው ድምፁን ከመሥራት ወደ መምረጥ ወረደ። እኔም በ1989 ዓ.ም. መራጭ ነበርኩ።

ሞግ በዚህ ሁሉ አልተማረረም ማለት ይቻላል። ለጥቂት ዓመታት ኩርዝዌል በተባለው የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያ ውስጥ በምርምር ሠራ፤ በኋላም በአሽቪል በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ራሱን የሚያየው እንደ መሣሪያ ሠሪ ነበር፤ ሙዚቀኛ ነኝ ብሎ አያውቅም። በ1990ዎቹ ወጣቶች አሮጌዎቹን ሚኒሞጎች ከየመጋዘኑ እየፈለጉ በውድ መግዛት ሲጀምሩ ስሙ እንደገና ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ2001 በስዊድን የሚሰጠውን የፖላር የሙዚቃ ሽልማት ተቀበለ። በ2002 ደግሞ ስሙን በሕግ አስመለሰ። ወርክሾፑ ሞግ ሚዩዚክ ተባለ። ስሙ ያለበት አዲስ ሚኒሞግም በዚያው ዓመት ወጣ። ከተቀማ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ አልፎታል።

የቀረው ጊዜ ግን አጭር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ሚያዝያ ላይ የአንጎል ዕጢ ተገኘበት። በዚያው ዓመት ነሐሴ 21፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 15 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ በ71 ዓመቱ አሽቪል ውስጥ አረፈ።

የዘገየ ትምህርት

ዜናውን የሰማሁት በሬዲዮ ነው። በዚያው ሳምንት ኪቦርዴን ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ምን ብዬ እንደሄድኩ አሁንም በደንብ አላውቅም። ይቅርታ ለመጠየቅ ይመስለኛል፤ ግን አልጠየቅኩም። ሳክስፎናቸውን ከሸጡ ቆይተው ነበር። ቡና እስኪፈላ ድረስ ያንኑ የሳክስፎን ድምፅ አውጥቼ አንድ ትዝታ ተጫወትኩላቸው። በዚህ ጊዜ ግራ እጄ መንኮራኩሩ ላይ ነበር። ድምፁን በየቦታው አርገበገብኩት። በራሴ ኮርቼ ቀና ስል ጋሼ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ችግሬ ችኮላ እንደሆነ ነገሩኝ። ድምፁ ገና ከመውጣቱ አርገበግበዋለሁ። ሰው ሲዘፍን ግን መጀመሪያ ድምፁን ያቆመዋል፤ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ የሚያንቀጠቅጠው ቆይቶ፣ ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ነው። ሁሉም ድምፅ ከተርገበገበ ደግሞ አንዱም እንዳልተርገበገበ ይቆጠራል። በባዶ እጃቸው አፋቸው ላይ እንደ ሳክስፎን ይዘው አሳዩኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ይመስለኛል ዝም አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ዛሬ ማስተካከያው ስልክ ውስጥ ሳይቀር አለ። መርገብገቡ ስንት ሰከንድ ቆይቶ ይጀምር ተብሎ በቁጥር ይታዘዛል፤ ማሽኑም ሳይሳሳት ይፈጽመዋል። የሙዚቃ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ አንባቢያን አንድ ምክር ልለግሳችሁ። ቁጥሩን ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ጊዜ በእጃችሁ ሞክሩት። ሞግ ዕድሜውን የፈጀው ያ እጅ ቦታ እንዲኖረው ነው። ስሙን ተቀምቶ እንኳ ይህን አልተወም።

ጋሼ ካለፉ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ያን የሠርግ ገንዘብ አልመለስኩላቸውም፤ ቢሰጧቸውም የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። ኪቦርድ ላይ ስቀመጥ ግን ግራ እጄን መንኮራኩሩ ላይ አሳርፌ ጥቂት እጠብቃለሁ። ድምፁ መጀመሪያ ይቁም።